የልጅ ብሬስ ክፍያና ኤፍ ኤስ ኤ፦ በአንድ ጊዜ መክፈል፣ በየወሩ መክፈል ወይስ ለሁለት ዓመት ማካፈል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) እንደሚያስፈልገው ኦርቶዶንቲስቱ፣ ማለትም የጥርስ አሰላለፍን የሚያስተካክለው ሐኪም፣ ሲነግራቸው፣ በዚያው ቀን የክሊኒኩ የክፍያ ሠራተኛ ዘንድ ተቀምጠው ሁለት አማራጭ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከፍሎ መጠነኛ ቅናሽ ማግኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ ቀሪውን ሕክምናው እስኪያልቅ በየወሩ መክፈል ነው። በሌላ በኩል መሥሪያ ቤታቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ በፍሌክሲብል ስፔንዲንግ አካውንት፣ በአጭሩ ኤፍ ኤስ ኤ በሚባለው ሒሳብ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ገንዘብ ማስቀመጥ እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸዋል። ሁለቱ ውሳኔዎች በተለያየ ወቅትና በተለያዩ ሰዎች ፊት ስለሚወሰኑ ብዙ ጊዜ ሳይናበቡ ይቀራሉ። የክሊኒኩ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤትዎን የኤፍ ኤስ ኤ ደንብ አያውቅም፤ የመሥሪያ ቤትዎ የሰው ኃይል ክፍልም የብሬሱን ውል አላየውም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ሊያነብ የሚችለው ከፋዩ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ያንን ንባብ ለማቅለል የተዘጋጀ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት የታክስ መጠኖች የ2026 ናቸው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለሕክምና የሚውለው ኤፍ ኤስ ኤ ገንዘቡ ከደመወዝ ላይ ከታክስ በፊት ተቆርጦ የሚገባበት ሒሳብ ነው። በ2026 አንድ ሠራተኛ በዓመት እስከ 3,400 ዶላር ማስቀመጥ የሚችል ሲሆን፣ ጣሪያው የሚቆጠረው በቤተሰብ ሳይሆን በሠራተኛ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱም በመሥሪያ ቤታቸው ኤፍ ኤስ ኤ ካላቸው እያንዳንዳቸው 3,400 ማስቀመጥ ይችላሉ። ከዚህ ገንዘብ ላይ የፌዴራል የገቢ ታክስም ሆነ በድምሩ 7.65 በመቶ የሚሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አይቆረጥም። በ12 በመቶው የታክስ እርከን ውስጥ ላለ ቤተሰብ ይህ ማለት በኤፍ ኤስ ኤ በኩል ከሚከፈለው እያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 19.65 ዶላር በእጁ ይቀራል ማለት ነው፤ በ22 በመቶው እርከን ላለ ደግሞ 29.65 ዶላር ይደርሳል። በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር የግዛቱ የገቢ ታክስም አይቆረጥበትም።

ለብሬስ ከፋይ ሁለት ጠባዮቹ በተለይ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው፣ ለዓመቱ የመረጡት ገንዘብ ገና ከደመወዝዎ ባይቆረጥም ከፕላኑ (የአሠሪው ኤፍ ኤስ ኤ) ዓመት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ መሆኑ ነው። 3,400 ዶላር የመረጠና በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሠራተኛ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ሙሉውን ለኦርቶዶንቲስቱ ሊከፍል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን በሙሉ በ26 ደመወዝ፣ በየጊዜው 130.77 ዶላር እየተቆረጠበት ይሄዳል። ይህ በተግባር ወለድ የሌለው ብድር ነው። ሁለተኛው ጠባይ ግን ጠንቃቃ መሆንን ይጠይቃል፤ በዓመቱ ውስጥ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይጠፋብዎታል። አንዳንድ አሠሪዎች በ2026 ካልወጣው ገንዘብ እስከ 680 ዶላር ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዲሻገር ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች በዚያ ፋንታ እስከ ሁለት ወር ተኩል፣ ማለትም እስከ ማርች 15፣ ተጨማሪ የመጠቀሚያ ጊዜ ይሰጣሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት የተከለከለ ነው፤ አንዱንም የማይሰጥ አሠሪ አለ። የመረጡትን መጠን በዓመቱ መካከል መለወጥ የሚቻለውም እንደ ጋብቻ፣ እንደ ልጅ መውለድ ወይም እንደ ሥራ ለውጥ ያለ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ልጁ ብሬስ እንደሚያስፈልገው በማርች መታወቁ ከእነዚህ ምክንያቶች አይቆጠርም።

አማራጮቹን የሚለየው የቀን ጥያቄ

በኤፍ ኤስ ኤ ጠቅላላ ደንብ አንድ ወጪ የሚቆጠረው ሕክምናው በተሰጠበት ቀን እንጂ ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን አይደለም። ዛሬ ከፍለው የሚቀጥለው ዓመት ለሚደረግ የጥርስ ነቀላ ዘንድሮ ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም። ብሬስ ግን ከ18 እስከ 24 ወር በሚዘልቁ ብዙ ቀጠሮዎች የሚሰጥ፣ ዋጋውም በአንድ ውል የሚቆረጥ ሕክምና ስለሆነ ለየትኛው ቀጠሮ ስንት እንደተከፈለ መለየት ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት የፌዴራሉ ግምጃ ቤት በ2007 ያወጣው የደንብ ረቂቅ ለኦርቶዶንቲክስ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሠራተኛው አገልግሎቱን ለማግኘት ሲል ቅድሚያ የከፈለው ገንዘብ፣ ወጪው በከፈለበት ቀን እንደደረሰ ተቆጥሮ ሊተካለት ይችላል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለአሠሪው ፕላን እንጂ በቀጥታ ለሠራተኛው አይደለም፤ ፕላኑ ቅድሚያ ክፍያን ሊተካ ይችላል፣ የመተካት ግዴታ ግን የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚተካው በእርግጥ የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ የተከፈለውም አገልግሎቱን ለማግኘት መሆን አለበት። ገንዘቡ የዓመቱ መጨረሻ ላይ እንዳይቃጠል ብቻ ተብሎ ውሉ የማይጠይቀውን ክፍያ ማስቀደም በአንዳንድ የሒሳብ አስተዳዳሪዎች ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል። ለዚህ ነው ሙሉ ክፍያውም ሆነ ከፍ ያለው ቅድሚያ ክፍያ ከቀኑ ጋር በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት።

በተግባር የሚታዩት የፕላን አሠራሮች ሦስት ናቸው። አንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ የተከፈለውን ሁሉ በተከፈለበት ዓመት ይተካሉ። ሌሎች በውሉ መሠረት ቅድሚያ ክፍያውንና እያንዳንዱን ወርኃዊ ክፍያ በተከፈለበት ቀን እየተቀበሉ ይተካሉ። ሦስተኛዎቹ የከፈሉበትን ቀን ወደ ጎን ትተው ጠቅላላውን ዋጋ ሕክምናው በሚወስደው ወር ልክ ያካፍሉታል፤ ከእነዚህ መካከል ብሬሱ ለሚታሰርበት ቀን ከፍ ያለ ድርሻ የሚሰጡም አሉ። የእርስዎ ፕላን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ የክሊኒኩን ቅናሽ መቀበል አልመክርም፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ዓይነት ፕላን ውስጥ ሙሉ ክፍያ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱ መንገዶች በአንድ ምሳሌ

የብሬሱ ዋጋ 5,600 ዶላር ነው እንበል። የጥርስ ኢንሹራንሱ በዕድሜ ልክ ጣሪያው መሠረት 1,500 ይከፍላል፤ ለቤተሰቡ 4,100 ይቀራል። ክሊኒኩ የቤተሰቡን ድርሻ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል 5 በመቶ፣ ማለትም 205 ዶላር ይቀንሳል። ካልሆነም 1,100 ዶላር ቅድሚያ ተቀብሎ ቀሪውን 3,000 በ24 ወር፣ በወር 125 ዶላር ያለ ወለድ ያስከፍላል። ሕክምናው የሚጀመረው በጃንዋሪ ሲሆን፣ የፕላኑም ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ቤተሰቡ በጃንዋሪ 3,895 ዶላር ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 3,400 ከአንድ ኤፍ ኤስ ኤ ይወጣል፤ 495ቱ ታክስ ከተከፈለበት ገንዘብ ይሸፈናል። በ12 በመቶው እርከን የታክስ ቁጠባው 668.10 ሲሆን፣ ከቅናሹ ጋር 873.10 ዶላር ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ፣ ወርኃዊው ክፍያ ከፌብሩዋሪ ከጀመረ፣ በመጀመሪያው ዓመት 2,475፣ በሁለተኛው 1,500፣ በሦስተኛው ዓመት ጃንዋሪ ደግሞ 125 ዶላር ይወጣል። መጠኑን በየዓመቱ በልኩ የመረጠ ቤተሰብ ሙሉውን 4,100 በኤፍ ኤስ ኤ ስለሚከፍል 805.65 ዶላር ያተርፋል። ያቺ የመጨረሻዋ 125 ዶላር ብዙውን ጊዜ ትረሳለች፤ ከመፈረምዎ በፊት ክፍያው በዲሴምበር እንዲያበቃ ክሊኒኩን ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክሉልዎታል።

ሦስተኛው መንገድ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ እንዲጠየቅ የምመክረው ነው፤ ብዙ ክሊኒኮች ራሳቸው አያቀርቡትም እንጂ ሲጠየቁ ይስማማሉ። ውሉ ሲጻፍ ቅድሚያ ክፍያው 3,400 ዶላር፣ ቀሪው 700 ደግሞ በሚቀጥለው ጃንዋሪ የሚከፈል ተብሎ ይቀመጣል። የታክስ ቁጠባው ከሁለተኛው መንገድ ጋር እኩል፣ 805.65 ነው፤ ነገር ግን ለሁለተኛው ዓመት የሚያስፈልገው 700 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪው የኤፍ ኤስ ኤ ቦታ ለመነጽር፣ ለመድኃኒትና ለሐኪም ክፍያ ነፃ ይሆናል፤ ሥራ ቢለወጥም ገንዘብ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ዕድል ይጠባል። ትልቅ ክፍያ በመጀመሪያው ቀን ያገኘ ክሊኒክ ከቅናሹ ግማሹን እንኳ ሊፈቅድ ስለሚችል መጠየቁ አይጎዳም።

እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ለ12 በመቶው እርከን በአንድ ጊዜ መክፈል በ67.45 ዶላር ይበልጣል። በ22 በመቶው እርከን ግን ሙሉ ክፍያው 1,213.10፣ አከፋፍሎ መክፈሉ 1,215.65 ስለሚያተርፍ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነና 5.75 በመቶ የግዛት ታክስ የሚከፍል የአሌክሳንድሪያ ቤተሰብ በ22 በመቶው እርከን ካለ፣ ማከፋፈሉ በ42.80 ዶላር ይሻለዋል፤ በ12 በመቶው ካለ ደግሞ ሙሉ ክፍያው በ27.20 ይሻለዋል። የግዛት የገቢ ታክስ በሌለበት በቴክሳስ የሚኖር ከላይ ያለውን የፌዴራል ስሌት ብቻ ይወስዳል። የራስዎን ቁጥር ለማስላት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ የቤተሰቡ ድርሻ ከኤፍ ኤስ ኤው ጣሪያ የሚበልጥበትን ገንዘብ በታክስ መጠንዎ ያባዙት። ክሊኒኩ የሚሰጠው ቅናሽ ከዚያ ከበለጠ በአንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ ካነሰ ያከፋፍሉ።

ባልና ሚስት ሁለቱም ኤፍ ኤስ ኤ ካላቸው፣ ወይም ከ2025 ወደ 2026 እንዲሻገር የተፈቀደው 660 ዶላር በሙሉ የተሻገረላቸው ከሆነ፣ ነገሩ ይቀየራል። 3,400 እና 660 አንድ ላይ 4,060 ስለሚሆኑ ቅናሽ የተደረገበት 3,895 ሙሉ በሙሉ በኤፍ ኤስ ኤ ይሸፈናል፤ በ12 በመቶው እርከን ቁጠባው ከቅናሹ ጋር 970.37 ዶላር ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ፣ ፕላኑ ቅድሚያ ክፍያን የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ በአንድ ጊዜ መክፈል ያለ ጥርጥር የተሻለው ነው። ብቸኛው ጥንቃቄ አንዱን ዶላር ከሁለቱም ሒሳብ አለመጠየቅ ነው።

አሁን ያንኑ ሙሉ ክፍያ ዋጋውን በየወሩ በሚያካፍል ፕላን ውስጥ እናስገባው። ቤተሰቡ 3,895 ከፍሎ ለዓመቱም 3,400 መርጧል፤ ፕላኑ ግን ዋጋውን ለ24 ወር ስላካፈለው በመጀመሪያው ዓመት የሚተካው 1,947.50 ብቻ ነው። ሌላ የሕክምና ወጪ ካልተገኘ 1,452.50 ዶላር በሒሳቡ ይቀራል። ማሻገር የሚፈቀድ ከሆነ 680ው ይተርፋል፤ 772.50 ግን ይጠፋል፤ ከተገኘው ቅናሽ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፕላን ውስጥ የሚመረጠው ወርኃዊው ክፍያ ነው፤ ለዓመቱ የሚመረጠውም መጠን ፕላኑ በዚያ ዓመት እንደሚተካ በጽሑፍ ካረጋገጠው መብለጥ የለበትም።

ሕክምናው በዓመቱ መጨረሻ የሚጀመር ሲሆን

በኦክቶበርና በዲሴምበር መካከል ብሬስ የሚያሳስር ቤተሰብ ከሌሎች የተሻለ ዕድል አለው፤ ሁለት የፕላን ዓመት በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ይገናኙለታል። በዘንድሮው ሒሳብ የቀረውን ገንዘብ ብሬሱ በሚታሰርበት ቀን ቅድሚያ ክፍያ አድርጎ፣ የምዝገባው ወቅት ገና ስላላለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ቀሪውን መርጦ በጃንዋሪ መክፈል ይችላል። በዲሴምበር 900 ዶላር የቀረው ሰው 900ውን ዘንድሮ፣ ቀሪውን 3,200 በጃንዋሪ ቢከፍል 4,100ው በአንድ ሠራተኛ ሒሳብ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ይጠናቀቃል። አብዛኞቹ ፕላኖች በየዓመቱ አዲስ ምዝገባ ይጠይቃሉ፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ፕላንም እንዲሁ ነው። ያለፈው ዓመት ምርጫ በራሱ ይቀጥላል ብሎ የተቀመጠ ሰው በጃንዋሪ ባዶ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ኤፍ ኤስ ኤ ወይስ ኤች ኤስ ኤ?

ከፍተኛ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው) ያለው የጤና ኢንሹራንስ የያዙ ሰዎች ሌላ ዓይነት ሒሳብ፣ ሄልዝ ሴቪንግስ አካውንት ወይም በአጭሩ ኤች ኤስ ኤ፣ ሊከፍቱ ይችላሉ። የ2026 ጣሪያው ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ነው። ገንዘቡ የባለቤቱ ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ አይጠፋም፤ ሥራ ሲለቁም አብሮዎት ይሄዳል። ጉድለቱ፣ ያስቀመጡትን ያህል ብቻ መጠቀም መቻልዎ ነው፤ በጃንዋሪ 3,895 ለመክፈል ገንዘቡ አስቀድሞ ተጠራቅሞ መገኘት አለበት። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ የወጣን ወጪ ከራስ ኪስ ከፍሎ ደረሰኙን አስቀምጦ ከዓመታት በኋላም ማስተካት ስለሚቻል፣ የቀኑ ጥያቄ እንደ ኤፍ ኤስ ኤው አያስጨንቅም።

ጠቅላላ፣ ማለትም ለሁሉም ዓይነት የሕክምና ወጪ የሚውል፣ ኤፍ ኤስ ኤ ያለው ሰው በዚያው ጊዜ ወደ ኤች ኤስ ኤ ማስገባት አይችልም፤ እገዳው በትዳር ጓደኛም በኩል ይመጣል። ሚስት በሆስፒታሏ ጠቅላላ ኤፍ ኤስ ኤ ከያዘች፣ ሒሳቧ የባሏንም ሕክምና ስለሚሸፍን፣ ባል ለኤች ኤስ ኤ ብቁ አይሆንም። ይህ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚገባበት ጥፋት ነው። መፍትሔው ለጥርስና ለዓይን ብቻ የተወሰነው ኤፍ ኤስ ኤ ነው። ይህ ሒሳብ ከኤች ኤስ ኤ ጋር አብሮ መኖር ይችላል፤ ጣሪያውም ያው 3,400 ነው፤ ብሬስ ደግሞ የጥርስ ወጪ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይገባበታል። አሠሪያቸው ሁለቱንም ለሚያቀርብላቸው ሰዎች፣ ብሬሱን ከተወሰነው ኤፍ ኤስ ኤ ከፍለው ኤች ኤስ ኤውን ለኋላ ማቆየት ከምርጫዎቹ ሁሉ የሚሻል ነው።

በወገኖቻችን መካከል ብዙዎች በኡበር፣ በሊፍትና በታክሲ ሥራ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። በግሉ የሚሠራ ሰው ኤፍ ኤስ ኤ ሊይዝ አይችልም፤ ሒሳቡ ለተቀጣሪ ሠራተኛ ብቻ የተፈቀደ ነው። ተቀጥራ የምትሠራ ሚስት ካለች ግን የእሷ ኤፍ ኤስ ኤ የልጆቹን ብሬስ ይሸፍናል። እንደዚያ ካልሆነ፣ ከ2026 ጀምሮ ከመንግሥት የጤና መድን ገበያ የሚገዙ የብሮንዝ ፕላኖች ለኤች ኤስ ኤ ብቁ ስለተደረጉ፣ ቀድሞ በሩ ተዘግቶበት ለነበረ ሾፌር አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ያስቀመጠው ገንዘብ ከገቢ ታክሱ ይቀነስለታል፤ የግል ሥራ ታክሱን ግን አይቀንስም። በብሬስ ምክንያት ብቻ የብሮንዝ ፕላን መግዛት ግን አይገባም፤ ዲዳክቲብሉ ከፍተኛ ስለሆነ አንድ የሆስፒታል ቆይታ ብቻ የተገኘውን ቁጠባ ሁሉ ሊበላው ይችላል።

የሕክምና ወጪን በዓመታዊ የታክስ ማስታወቂያ ላይ ማስቀነስ እንደ አማራጭ ይነሣል፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ ግን አይጠቅምም። የሚቀነሰው ከተስተካከለው ጠቅላላ ገቢ 7.5 በመቶ የሚበልጠው ክፍል ብቻ ነው፤ ያውም የ2026ቱን 32,200 ዶላር የባለትዳሮች መደበኛ ተቀናሽ ትቶ ወጪዎቹን በዝርዝር ለሚያቀርብ ሰው። በኤፍ ኤስ ኤ የተከፈለውንም ደግሞ እዚህ ማስገባት ክልክል ነው።

ከኤፍ ኤስ ኤው በፊት የሚታየው

የልጆች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ቤተሰብ አንድ ዶላር ከማስቆረጡ በፊት ልጁን በዚያ በኩል ያስመርምር። ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች ለጤና አስፈላጊ የሆነ ብሬስ መሸፈን አለበት፤ የአስፈላጊነቱ መለኪያ ግን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል፤ ለመልክ ብቻ የሚደረግ ማስተካከል አይገባበትም። የጥርስ ኢንሹራንስ ያለው ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የብሬሱ የዕድሜ ልክ ጣሪያ ስንት ነው፣ የመጠባበቂያ ጊዜ አለው ወይ፣ ገንዘቡንስ በአንድ ጊዜ ይከፍላል ወይስ ሕክምናው በቀጠለ ቁጥር እያከፋፈለ? ኢንሹራንሱ እያከፋፈለ የሚከፍል ሆኖ እርስዎ ሥራ ወይም ኢንሹራንስ ቢቀይሩ ቀሪው ድርሻ ወደ እርስዎ ይዞራል። በተጨማሪም ኤፍ ኤስ ኤ ኢንሹራንሱ የሸፈነውን አይተካም።

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። ይህ ማለት በ7 ዓመት ብሬስ ይታሰራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንዲመለሱ ይነግራል። ለእቅድ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብሬሱ የሚታሰርበትን ዓመት ከወዲሁ ያወቀ ወላጅ በኖቬምበር ምዝገባ ላይ በግምት አይጽፍም።

ደረሰኙና ውሉ

የኤፍ ኤስ ኤ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ የሚሆነው ወጪው ስላልተፈቀደ ሳይሆን ወረቀቱ ስለጎደለ ነው። የካርድ ማሽን የሚያወጣው ቁራጭ ወረቀት የክሊኒኩን ስም፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን ብቻ ይዞ ለማን ምን እንደተደረገ አይናገርም። አስተዳዳሪው የሚፈልገው የታካሚው ስም፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ቀኑ፣ መጠኑና ሐኪሙ በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፉበትን ዝርዝር ነው። «ቀደም ሲል ከነበረ ዕዳ ላይ የተከፈለ» የሚል ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ዕዳው የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። በኤፍ ኤስ ኤ ካርድ መክፈልዎም ማስረጃ ከመጠየቅ አያድንዎትም፤ ማስረጃው ካልቀረበ ካርዱ ይታገዳል።

የብሬሱን ውል ሲያነቡ እነዚህ በግልጽ ሰፍረው ያግኟቸው፦ ጠቅላላው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል ተብሎ የተገመተው፣ ብሬሱ የሚታሰርበት ቀንና በዚያ ቀን የሚከፈለው፣ የእያንዳንዱ ወር መጠንና የሕክምናው ግምታዊ ርዝመት። ሪቴይነሩ፣ ማለትም ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘው መሣሪያ፣ በዋጋው ውስጥ ስለመካተቱም ይጠይቁ። ጥርስ ማንጣት ከብሬስ ጋር በአንድ ጥቅል ከቀረበ በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ይጻፍ፤ ማንጣት ለኤፍ ኤስ ኤ አይፈቀድምና። በብድር ከፍለው እንደሆነ ወለዱም አይተካም።

ለመሥሪያ ቤትዎ ወይም ለሒሳቡ አስተዳዳሪ የሚላከው ጥያቄ በኢሜይል ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ የተሰጠ መልስ በኋላ ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄውም «ብሬስ ይሸፈናል ወይ?» መሆን የለበትም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነውና ምንም አያሳውቅዎትም። «ሙሉ ዋጋውን በጃንዋሪ 15 ብከፍል፣ ሕክምናው ግን 24 ወር ቢወስድ፣ በዚህ የፕላን ዓመት ምን ያህል ትተኩልኛላችሁ?» ብለው ቀንና ቁጥር ሰጥተው ይጠይቁ።

ሥራ መልቀቅ፣ መዛወርና የሕክምና መቋረጥ

በዓመቱ መጀመሪያ 3,400 ዶላር ተጠቅሞ በኤፕሪል ሥራ የለቀቀ ሰው፣ ገና ያልተቆረጠበትን ቀሪ ገንዘብ አሠሪው መልሶ ሊጠይቀው አይችልም፤ ሕጉ ይህን ኪሳራ በአሠሪው ላይ አኑሮታል። በተቃራኒው በየወሩ እየከፈለ የነበረ ሰው ሥራውን ከለቀቀበት ቀን በኋላ ያለውን ክፍያ ማስተካት አይችልም፤ የተቆረጠበትም ቀሪ ገንዘብ፣ በኮብራ (ሥራ የለቀቀ ሰው በራሱ ክፍያ ሽፋኑን እንዲያስቀጥል በሚፈቅደው ሕግ) ካልቀጠለ በስተቀር፣ ይጠፋበታል። ሥራ ለመቀየር የሚያስብ ሰው በወርኃዊው መንገድ ላይ ይህን ድክመት ይቁጠር።

በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ግን የራሱ አደጋ አለው። በፖስታ ጥርስ ማስተካከያ ሲልክ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ በዲሴምበር 2023 ሥራውን ሲያቆም፣ ቀድመው የከፈሉ ሰዎች ሕክምናቸው መሀል ላይ ቀርቷል። በአካል የሚታዩበትና በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የሠራ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ዋስትና አለው፤ ቢሆንም ሕክምናው ቢቋረጥ ያልተሰጠው አገልግሎት ዋጋ እንዴት እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ጆርጂያ ለመዛወር የሚያስብ ቤተሰብ በተለይ ይህን ይጠይቅ፤ አዲሱ ኦርቶዶንቲስት ሌላ ሐኪም የጀመረውን ሥራ በነፃ አይቀጥልም፤ የራሱን ውል ያወጣል። ከቀድሞው ክሊኒክ የሚመለሰው ገንዘብ በኤፍ ኤስ ኤ ተተክቶ ከነበረ ለቤተሰቡ ትርፍ አይደለም፤ ለፕላኑ አስተዳዳሪ ማሳወቅና ወደ ሒሳቡ መመለስ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ገንዘቡን በመጣበት የኤፍ ኤስ ኤ ካርድ በኩል እንዲመልስ መጠየቅ ይህን ሥራ ያቀልላል።